የዛር ከበሮ በብረት ሽቦ ላይ፦ የአንድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

በ1944 ካይሮ ውስጥ አንድ የ23 ዓመት ወጣት ከሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ (ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በማግኔት የሚይዝ ማሽን) ተዋሰና ሴቶች ወደሚያካሂዱት የዛር ሥርዓት ይዞት ሄደ። የቀረጸውን ድምፅ እንዳለ አላስቀመጠውም። ወደ ስቱዲዮ ወስዶ ገፈፈው፣ አስተጋባው፣ በራሱ ላይ ደራረበው፤ ከዚያም «የዛር አገላለጽ» የሚል ስም ሰጥቶ በከተማዋ አንድ የሥዕል አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ አሰማው። ከተቀረጸ ድምፅ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ታሪክ ግን ለብዙ ጊዜ ሲጻፍ የኖረው ከ1948ቱ ፓሪስ ተነሥቶ ነው።

ወጣቱ ሐሊም ኤል-ዳብ ነው። ከ18 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው ሰው ይኸው ነው። በአገራችን በሁለተኛው ሥራው እንጂ በመጀመሪያው አይታወቅም፤ በውጭ ደግሞ በተቃራኒው። ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው ሲነገሩ የሚጠፋ ነገር ስላለ እዚህ አንድ ላይ እናያቸዋለን። በየደረጃው አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስም፣ ለታሪኩ የግድ ካልሆነ በቀር፣ ትተናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

በመጋቢት 1921 ካይሮ ተወለደ። ፒያኖም የዓረብ ከበሮም ይጫወት ነበር። በ1932 ካይሮ ላይ ትልቁ የዓረብ ሙዚቃ ጉባኤ ሲካሄድ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ባርቶክንና ሂንደሚትን የመሳሰሉ የአውሮፓ ሙዚቀኞች የመጡበት ጉባኤ ነው፤ እሱም ከወንድሙ ጋር ሄዶ ተመልክቷል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ግን ሙዚቃ ሊማር ሳይሆን የግብርና ምህንድስና ሊማር ነው። ይህን እንደ መንገድ መሳት ማየት አይገባም። የግብርናው ሥራ ወደ ገጠር መንደሮች ያስገባው ነበር፤ የመንደር ዘፈን፣ የቀብር ሙሾና የከበሮ ምት በጆሮው የገቡት በዚያ በኩል ነው።

ዛር ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ባለ ዛሯ ስታጓራ ክፍሉ የሚሆነውን የምናውቀው ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ሥርዓቱ በ19ኛው መቶ ዓመት ከኢትዮጵያ በሱዳን አድርጎ ግብፅ እንደደረሰ ያምናሉ። ስለዚህ በዚያ ሽቦ ላይ የተያዘው ድምፅ ከጎንደር ዛር ጋር ዝምድና አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ

በዛር ቤት የሚሰማውን ድምፅ በኖታ ጽፎ ለፒያኖ መስጠት አይቻልም። ዜማው ቀላል ነው፤ አንድ ልጅ በአንድ ቀን ይይዘዋል። ከባዱ ከዜማው በላይ ያለው ነገር ነው። ብዙ ሴቶች አንዱን ድምፅ ለማለት ሲሞክሩ በመካከላቸው የሚቀረው ጥቂት ልዩነት፣ ከበሮው ከተመታ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የሚዞረው ጉምጉምታ፣ የእልልታው ስለት። ወጣቱ የፈለገው ይህንን፣ ድምፁ ውስጥ ያለውን ድምፅ ነበር።

በእጁ ያለው መሣሪያ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። የሽቦ መቅረጫ የተሠራው ለንግግር ነው።

መሣሪያው ምን ይችላል፣ ምን ያቅተዋል

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለቤት የተሸጡት ዓይነቶች ከጸጉር ብዙም የማይወፍር፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ሽቦ ይጠቀሙ ነበር። ሽቦው በሰከንድ ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ይሮጣል፤ ለአንድ ሰዓት ቀረጻ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ያስፈልጋል። ካይሮ ላይ የነበረው ማሽን ዝርዝሩ ቢለይ እንኳ ባሕርዩ አንድ ነው፤ ሦስት ነገር ያስቸግራል።

ሽቦው ክብ ስለሆነ ሲሮጥ ይዞራል። በቀረጻ ጊዜ ወደ ማግኔቱ ራስ (ድምፁን ሽቦው ላይ ወደሚጽፈውና ወደሚያነበው ክፍል) የዞረው ጎኑ ሲሰማ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊዞር ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይደበዝዛሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይመለሳሉ።

ቢበጠስ እንደ ክር ቋጥሮ መቀጠል ብቻ ነው። ቋጠሮው በማግኔቱ ራስ ላይ ሲያልፍ ይነጥራል፣ ይጮኻል። ከጥቅሉ ካመለጠ ደግሞ ተተብትቦ ይጠፋል።

ሦስተኛውን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በአብዛኞቹ ማሽኖች ሽቦውን የሚጎትተው የሚጠቀለልበት ከበሮ ራሱ ነው። ከበሮው ላይ ሽቦ ሲበዛ ዙሪያው ይሰፋል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ያለ ለውጥ ቢሰማ ችግር የለም፤ በቀረጻ ጊዜ የነበረው ፍጥነት በማሰሚያም ጊዜ ይደገማልና። ከመጨረሻው ላይ ቆርጦ መጀመሪያው ላይ የቀጠለ ሰው ግን ድምፁ ወርዶ ያገኘዋል። በሽቦ ላይ ቆርጦ መቀጠል የሚባል ጥበብ ያልዳበረው ለዚህ ነው።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፦ ሽቦውን ሳይነኩ ድምፁን ወደ ክፍል አውጥቶ፣ እዚያ ለውጦ፣ በሌላ ሽቦ ላይ እንደገና መቅረጽ። የሥራው መልክ የመጣው ከዚህ ገደብ ይመስለናል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች እንደተናገረው፣ እሱና አንድ ባልደረባው ሥርዓቱ የሴቶች ስለነበረ ራሳቸውን ሸፍነው ነው የገቡት። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለሳለን።

ጥሬውን ድምፅ ይዞ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሬዲዮ ስቱዲዮ ተመለሰ። እዚያ የማስተጋቢያ ክፍል፣ ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ከፍ ዝቅ ማድረጊያና ደግሞ መቅረጫ ነበረው። የሠራው ሥራ በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው መግፈፍ ነው። ከእያንዳንዱ ድምፅ መሠረቱን አስወግዶ በላዩ ያሉትን ተደራቢ ድምፆች ብቻ ያዘ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። አንዲት ሴት በ250 ኸርዝ (በሰከንድ 250 ርግብግቢት) ስትዘፍን ጉሮሮዋ 250ን ብቻ አያወጣም፤ 500፣ 750፣ 1000፣ 1250 እያለ ወደ ላይ ይደረደራል። መሠረቱ 250 ነው፤ ሌሎቹ የድምፁን ቀለም ይሰጣሉ። አሁን ከ600 በታች ያለውን ሁሉ ብናጠፋ 250ና 500 ይሄዳሉ። ጀማሪ ይህን አድርጎ ያዳምጥና ዜማው አሁንም እንደሚሰማ ሲያይ ማጣሪያው አልሠራም ብሎ ያስባል። ማጣሪያውስ ሠርቷል። ጆሮ በቀሩት ድምፆች መካከል ያለውን የ250 ርቀት ይዞ የጠፋውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ትንሽ ስልክ ወፍራም ድምፅ ማውጣት ባትችልም በእሷ ውስጥ የአባትን ድምፅ ለይተን የምናውቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዜማው በእውነት እንዲሟሟ ማጣሪያውን በጣም ወደ ላይ መግፋት፣ ወይም ብዙ ሰው መኖር አለበት። በዛር ቤት ብዙ ሰው ነበር። ሁለት ሴቶች ሲዘፍኑ አንዷ 250፣ ሌላዋ 253 ላይ ብትሆን ከታች ልዩነቱ 3 ብቻ ነው፤ ድምፁ በሰከንድ 3 ጊዜ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። በአሥረኛው ተደራቢ ግን አንዷ 2500፣ ሌላዋ 2530 ትሆናለች፤ ልዩነቱ 30 ደርሷል። 30 እንደ እብጠት አይሰማም፤ እንደ መንቀጥቀጥ፣ እንደ ሻካራ ብልጭታ ነው የሚሰማው። ከታች አንድ የሚመስለው ዝማሬ ከላይ የተበተነ መንጋ ነው። መሠረቱን የገፈፈ ሰው የሚያገኘው ያንን መንጋ ነው። ከሥራው ተርፎ ዛሬ የሚሰማው የ2 ደቂቃ ገደማ ቁራጭ የሰው ጉሮሮ መሆኑ እየታወቀ ንፋስ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ሁለተኛው ማስተጋባት ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይሄዳል። ግድግዳ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ሲቆም ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ 10 ሜትር ነው፤ ይህም 29 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ጆሮ ይህን ለብቻው አይሰማውም፤ ከዋናው ጋር አዋሕዶ ድምፁን ያወፍረዋል። ግድግዳው በ17 ሜትር ላይ ቢሆን መልሱ ከ100 ሺኛ ሰከንድ በኋላ ይመጣና የገደል ማሚቶ ይሆናል። በሚንቀሳቀስ ግድግዳ የሚሠራ ሰው እንግዲህ አንዱን የከበሮ ምት ከውፍረት ወደ ማሚቶ መውሰድ ይችላል፤ ክፍሉ ራሱ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

እያንዳንዱ ድጋሚ ቅጂ ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ሽቦ ሹክሹክታ በሁለተኛው ሹክሹክታ ላይ ይደመራል፤ እኩል ጫጫታ ያላቸው ሁለት ቅጂዎች ሲደመሩ ጫጫታው በ3 ዲሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያድጋል። አራት ሲሆኑ 6። ስለዚህ ቅጂው ከመብዛቱ በፊት ምን እንደሚፈለግ ማወቅ የግድ ነው። ሙሉው ሥራ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይረዝም ነበር።

ኒው ዮርክ

በ1949 ካይሮ ላይ ያቀረበው የፒያኖ ሥራ ትልቅ ተቀባይነት ስላገኘ በ1950 በፉልብራይት የትምህርት ዕድል አሜሪካ ሄደ። ካስተማሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ አሮን ኮፕላንድ ነው። በ1958 ለአሜሪካዊቷ የዘመናዊ ውዝዋዜ ባለሙያ ለማርታ ግራሃም «ክሊተምኔስትራ» ውዝዋዜ ሙዚቃውን ጻፈ። በ1959 ወደ ኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ተጋበዘ።

ማዕከሉ ቴፕ ነበረው፤ ቴፕ ደግሞ ሽቦ የከለከለውን ሁሉ ፈቀደ። በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር በሚሮጥ ቴፕ ላይ ሩብ ሰከንድ 9.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በማስመሪያ ለክቶ፣ በምላጭ ሰያፍ ቆርጦ፣ በማጣበቂያ መቀጠል ይቻላል። ጫፎቹን አጣብቆ ቀለበት ማድረግም ይቻላል። በዚያው ዓመት የሠራው «ሌይላና ገጣሚው» የሰው ድምፅንና የምሥራቅ መሣሪያዎችን በቴፕ ፍጥነት እየለዋወጠ ያቀናበረ ነው፤ በ1964 በሸክላ ወጣ። ትልቅ ማሽን በሞላበት ማዕከል ውስጥ እሱ አሁንም ከሰው ጉሮሮ መነሣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1944 ጀምሮ የያዘው መንገድ ነው።

አዲስ አበባ

ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የባህል ሙዚቃ ተጫዋቾችን አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። እዚህ ቴፕም ማጣሪያም የለም። ችግሩ ግን የድሮው ነው፦ ለየብቻ የኖሩ ድምፆችን ቀለማቸውን ሳያጡ አንድ ላይ ማኖር።

መሣሪያዎቹ ለአንድ ላይ ጨዋታ አልተሠሩም። ዋሽንት ቀዳዳው የተወሰነ ስለሆነ ቅኝቱ አይለወጥም፤ ተጫዋቹ ሌላ ድምፅ ሲፈልግ ዋሽንቱን ነው የሚቀይረው። ስለዚህ ክራርና መሰንቆ በዋሽንቱ ይቃኛሉ እንጂ ዋሽንት በእነሱ አይቃኝም። እምቢልታ በሦስት ሰው ይነፋል፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ስለሆነ ዜማው የሚወለደው በመቀባበል ነው፤ አንዱ ከቀረ ዜማ የለም። መለከት አዳራሽ ይሞላል። በገና ደግሞ ጆሮ ካላስጠጉለት በሌሎቹ ይዋጣል፤ ድምፁን ዝቅ ብለው የሚያዳምጡት መሣሪያ ነው።

በገናን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። አውታሩ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ላይ እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ቆዳው በትክክል ሲቀመጥ አውታሩ ሲርገበገብ የድልድዩን ጠርዝ ደጋግሞ እየነካካ ይጮኻል፤ የምናውቀው የበገና ንዝረት ይህ ነው። ቆዳው ከቦታው ጥቂት ሲሳሳት ንዝረቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ በገና ደርዳሪ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ቆዳውን በማስተካከል ነው። በድምፅ ሳይንስ ሲታይ እንዚራ የሚሠራው ሥራ መሠረቱን ሳይነካ ተደራቢ ድምፆቹን ማብዛት ነው። በካይሮ ስቱዲዮ ውስጥ በኤሌክትሪክ የተፈለገው ነገር በቆዳ ቁራጭ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ተሠርቶ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለኛ ባዕድ ነው የሚለውን ክርክር የማንቀበለው ለዚህ ነው።

የሰመረውና ያልሰመረው

ኦርኬስትራው ሰመረ፤ መሥራቹ ከሄደ በኋላም ኖረ። ከ1966 ጀምሮ የመራው ተስፋዬ ለማ ነው። በ1969 «የዓባይ ጓድ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሮ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀረበ፤ እስከ 1975ም ቆየ። ይህ የሆነው ዕውቀቱ በተጫዋቾቹ እጅና ጆሮ ውስጥ ስለቀረ ነው። መሪው ቢቀየርም ዋሽንቱን ማን እንደሚከተል ሁሉም ያውቃል።

የ1944ቱ ሥራ በጥበቡ ሰምሮ በታሪክ ሳይሰምር ቀረ። አንድ ጊዜ በአዳራሽ ተሰማ፤ በሬዲዮ መሰራጨቱ አይታወቅም፣ በዚያ ጊዜ ስለ አሠራሩ የወጣ ጽሑፍም አይታወቅም፣ ሽቦውን የሚያሰማ ማሽንም ከገበያ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ሬዲዮ መሐንዲስ ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ የባቡር ድምፅ ቀርጾ ሲሠራ በፈረንሳይ ሬዲዮ አሰራጨው፣ ለዘዴው ስም አወጣለት፣ በ1952 መጽሐፍ ጻፈበት። በሥራ የቀደመው ካይሮ ነው፤ በጽሑፍ የቀደመው ፓሪስ። የሼፈርን ድካም ማሳነስ አያስፈልግም፤ ግን ሥራው በጽሑፍ ባለመያዙ የካይሮው ወጣት ለአሥርተ ዓመታት ከታሪኩ ውጪ መኖሩ ያሳዝናል።

ሌላው ያልሰመረ ነገር አቀራረጹ ነው። ተሸፍኖ መግባት በዚያ ዘመን እንደ ድፍረት ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማንም ሊደግመው አይገባም። በሥርዓቱ የነበሩት ሴቶች የሙዚቃው እኩል ባለቤት ናቸው፤ ፈቃዳቸው ግን አልተጠየቀም።

ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰድ

ይህን ዘዴ በባህል ድምፅ ላይ መሞከር ለሚፈልግ ዛሬ ስልክና ነፃ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ይበቃሉ። ከአንድ መሰንቆ ይልቅ የብዙ ሰው ዝማሬ ወይም ጭብጨባ ይመረጥ፤ መንጋው ያለው እዚያ ነው። ስልኩ ከተቻለ ከምንጩ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይራቅ፤ ሲቀርብ ከበሮው ድምፁን ያፈነዳዋል፣ የፈነዳ ድምፅ ደግሞ በምንም አይጠገንም። ስልኩ በራሱ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት ቅንብር ካለው ይዘጋ፤ ካልተዘጋ ከእያንዳንዱ የከበሮ ምት በኋላ ዝማሬው ይሰምጣል።

ከታች ያለውን የሚያጠፋው ማጣሪያ (ሃይ-ፓስ) ከ600 ኸርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ 2000 ይገፋ። ዜማው የሚሟሟበት ነጥብ ሲደርስ ይሰማል፤ ከዚያ ትንሽ መለስ ማለት ነው። ከዚያ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ይጨመር። ከፕሮግራም ሪቨርብ ይልቅ ድምፁን በድምፅ ማጉያ ባዶ መጋዘን ወይም ደረጃ ቤት ውስጥ አሰምቶ በስልክ እንደገና መቅረጽ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ የካይሮውም አሠራር ይኸው ነበር። ጥሬው ፋይል ግን አይነካ፤ የሚሠራው ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ነው።

ከእያንዳንዱ ጥሬ ፋይል ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ ይቀመጥ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የመቅረጫው ዓይነትና ርቀቱ፣ የተደረገው ለውጥ በቅደም ተከተል፣ ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ከበሮውን የመታው፣ ያወጣው፣ የተቀበለው ሰው ሁሉ ስም። ከ1944ቱ ሽቦ ጋር የሴቶቹ ስም አልተላለፈልንም።